ሰባት ጅምር መሶብ

ጥቅምት 2017 ነበር። ደሴ ላይ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ እጅ ያቃጥላል። የእትዬ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። ሰባት መሶብ ተሰቅሏል። ለሽያጭ መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁት። አንዱ ክዳን የለውም። ሌላው ገበታው ግማሽ ላይ ቆሟል። አንዱ ደግሞ እግር ብቻ ነው።

"ምንድን ናቸው?" አልኳት።

"ጅምር።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ሦስቱ የሰው ናቸው፤ ቀብድ በልቼባቸዋለሁ።"

ወስፌዋን ከጭኗ ላይ አነሣች፤ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። "ስፌት ሰለቸኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ" አለች።

እትዬ የአክስቴ ልጅ ናት። በአራት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት፤ እዚህም እትዬ እላታለሁ። "ስሜን አትጥራ እንጂ ሌላውን እንዳለ ጻፈው" ብላ ፈቅዳልኛለች። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። ስፌት ላይ ወስፌውን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አላውቅም። የዚያን ቀን የመጣሁት ደረሰኝ ላስተካክልላት ነበር። ደረሰኙ በሁለት ሰዓት አለቀ። የእጇ እምቢታ ግን አንድ ዓመት ወሰደብን።

ስፌትን የተማረችው ከእናቷ ነው። አክስቴ የኩታበር ልጅ ናት። እዚያ ክረምቱ ሲወጣ ልጃገረዶች ስንደዶና አክርማ የሚባሉትን የስፌት ሣሮች ለቀማ ይወጣሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ምድጃ ዳር ይሰፋሉ። እትዬ የመጀመሪያ ሙዳይዋን የሰፋችው በ9 ዓመቷ ነው። ሙዳዩ ዛሬም አለ። ጠማማ ነው፤ ክዳኑም አይገጥምም። አክስቴ የጆሮ ወርቋን የምታስቀምጠው ግን እሱ ውስጥ ነው።

ሱቁን የከፈተችው በ2011 ነው፤ ፒያሳ አካባቢ፣ ጠባብ፣ በሩ የብርጭቆ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ። ለገና ወደ ላሊበላ በመኪና የሚወጣ ሰው ደሴ ላይ ያድራል፤ ሲያልፍ ሙዳይ ይገዛል። ሰርገኛም አለ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ ቤተሰቧን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ወጣች። ኅዳር መጨረሻ ደሴ ተለቀቀች ሲባል ተመልሳ ሱቋን ብታየው ባዶ ነው። መደርደሪያው እንኳ የለም። ጥግ ላይ አንድ እስር አክርማ ብቻ ተርፏል። "አክርማ ማን ይዘርፋል!" እያለች እየሳቀች ነው የምታወራው። በዚያች አንድ እስር እንደገና ጀመረች።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሰው "ሰለቸኝ" ሲል ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ይቀለናል። ይህች ሴት ግን ዝርፊያ አላቆማትም። በ2016 በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ቴሌግራሟ ድርግም ሲልም አልቆመችም። የቆመችው ትእዛዝ በሞላበት ዓመት ነው። እኔን የከነከነኝም ይኸው ነው።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ያልሞከረችው የለም። ቲክቶክ ላይ የሚጮኹትን የማነቃቂያ ሰዎች ሰምታለች። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም! ተነሥ!" ይላል አንዱ። እሷ ታዲያ "እኔ ተነሥቻለሁ እኮ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነው የምውለው። የት ድረስ ልነሣ?" አለችኝ። ለቪዲዮ የሚሆን መብራት ገዝታለች፤ አሁን ልጇ የቤት ሥራ ይሠራበታል። አንድ ሳምንት ሱቅ ዘግታ ሐይቅ ሄዳ ዓሣ እየበላች ዐረፈች። ደስ አላት። ሰኞ ተመልሳ ሱቁን ስትከፍት ያው ነው።

ዕረፍት ካልፈታው ነገሩ ድካም ብቻ አይደለም ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ገባኝ። ከዚያ በላይ ግን የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ የማውቀውን አደረግኩ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁላት። "ከዛሬ ጀምሮ የምትሠሪውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፊ" አልኳት። "ገንዘቡን?" አለች። "ገንዘቡን ተይው። ሰዓቱን ብቻ።"

ደብተሩ

የመጀመሪያው ሳምንት የረባ ነገር አልነበረውም፤ ግማሹን ረስታዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጇ እየጠየቀ ይጽፍላት ጀመር። የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ ሰዓት ላይ ቀልድ አያውቅም። ቁጥሩ እንዲህ ወጣ። በሳምንቱ በድምሩ 61 ሰዓት ሠርታለች። ከዚህ ውስጥ 22 ሰዓት ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስትጠብቅና ስታስተናግድ ነው። ገበያና መንገድ 9። ስንደዶ ስትሰነጥቅ፣ ቀለም ስታፈላ፣ ስታሰጣ 8። ስልክና ቴሌግራም 5። የቀረው ስፌት ነው።

17 ሰዓት።

ስፌት ሰለቸኝ ያለችኝ ሴት በሳምንት ውስጥ ስፌት ላይ የምትቀመጠው 17 ሰዓት ነበር። እሱም ቢሆን አብዛኛው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆቹ ከተኙ፣ ዓይኗ ከደከመ በኋላ። ቀን ሱቅ ውስጥ ለመስፋት ሞክራለች። ግን ስፌት እንደ ሹራብ አይደለም፤ ጥለውት ተነሥተው ሲመለሱ ካቆሙበት አይቀጥልም። አለላው፣ ማለትም ቀለም የገባው ስንደዶ፣ መራስ አለበት። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለህ፣ አንድ አንድ እየመዘዝክ፣ ሳይደርቅ ነው የምትሰፋው። ደንበኛ ገብቶ ሩብ ሰዓት ሲከራከር ከጨርቁ የወጣው ይደርቃል። ደርቆ ስትጎትተው ይበጠሳል። ሲበጠስ ትናደዳለች። ደንበኛው ደግሞ አልገዛም።

አንድ ቀን ከግድግዳው ላይ አንዱን ጅምር አወረደችና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። "ይኼን ተመልከት" አለች። የታችኞቹ ዙሮች ድፍን ናቸው፤ ብርሃን አያሳልፉም። ከመሐል ወደ ላይ ግን እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ ብርሃን ይታያል። "ከዚህ በታች የሰፋሁት እሑድ ጠዋት ነው። ከዚህ በላይ ሌሊት ነው።" በጣቷ ዙሮቹን እየቆጠረች ሄደች። "ይኼ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰ ዕለት ነው።" ሰው የራሱን ስንፍና ብርሃን ላይ እንዲህ ሲያነብ አይቼ አላውቅም። ስንፍና አልኩ እንጂ ስንፍና አልነበረም።

ያን ቀን ለራሴ ያልኩት ይኼን ነው፦ እትዬ ስፌት አልሰለቻትም፤ ስፌት ተርባለች። ንግዱ ሥራውን በልቶባታል።

ዋጋ

ወደ ገንዘቡ መግባት ግን አልቀረልንም። መካከለኛ መሶብ ከነክዳኑ፣ መሰናዶውን ጨምሮ፣ 96 ሰዓት ይወስድባታል። ያኔ በ6,500 ብር ትሸጠው ነበር። ስንደዶ፣ አክርማ፣ ቀለም፣ እግሩ ላይ የሚለበጠው ቆዳ፣ አንድ ላይ 900 ብር ገደማ። የሱቅ ኪራይ በወር 6,000 ነው፤ ከዚህ ለአንድ መሶብ 2,000 ብናስብ የሚተርፋት 3,600 ብር ነው። ለ96 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 37 ብር ከ50 ሳንቲም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቷ ቤት እያሠሩ ነበር። ሲሚንቶ የሚያቀብለው ልጅ በቀን 450 ብር ይከፈለዋል። በሰዓት ሲሰላ 56 ብር አካባቢ ነው። ይህንን ስነግራት ዝም አለች። ቀጥላ "እሱ እኮ ምሳውንም በእነሱ ላይ ነው የሚበላው" አለች።

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቀለሙ በየወሩ ዋጋው ይጨምር ነበር። መሶቡ ግን የድሮ ዋጋውን እንደያዘ ነበር። ለምን አልጨመርሽም ስላት መልሷ ቀላል ነው፦ "ማፈር።" ስፌት ድሮ የቤት ሴት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እናቷ ሰፍታ ለጎረቤት በስጦታ ነው የምትሰጠው። ለሰዓቱ ዋጋ መጠየቅ ስስት መስሎ ይሰማታል። ይኼ ስሜት በትምህርት አይለቅም፤ እኔም ላስለቅቃት አልሞከርኩም። የጨመርነው ዋጋውን ብቻ ነው። 9,500።

ከጥር ሰርግ በፊት አንዲት የሙሽራ እናት መጡ። እኔም ነበርኩ። መሶቡን አገላብጠው አዩ፤ ወደዱት። ዋጋውን ሲሰሙ ግን መልሰው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ በዚህ እኮ ፕላስቲኩን አምስት እገዛለሁ።"

እትዬ ቀላች። ወደ እኔ አየች። ከዚያ "ይግዙ እማማ፤ ፕላስቲኩም አይከፋም፣ ይታጠባል" አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። አልገዙም፤ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጥተው በ9,000 ወሰዱት። ሁሉም ግን እንደዚህ አልተመለሰም። በዚያ ወር አራት ትእዛዝ አመለጣት። ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ እኔንም የወሰደኝ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ትንንሾቹ ዕቃዎች አንድ ነገር ልበል። የብርጭቆ ማስቀመጫ ስድስት ስድስቱን በ600 ብር ትሸጣለች፤ ስድስት ሰዓት ነው የሚፈጀው። በሰዓት ሲሰላ ከመሶቡ ይበልጣል። በሒሳብ ሰው ዓይን መልሱ ግልጽ ነው፦ መሶቡን ትተሽ ማስቀመጫ ስፊ። አልኳትም። አንድ ድርጅት ዐሥር ስብስብ አዘዘ፤ 60 ፍሬ። እስከ 20ኛው ደህና ነበረች። 40ኛው ላይ ስትደርስ ፊቷን አይቼ መክሬያት መጸጸቴን አስታውሳለሁ። "ብስኩት የምጋግር መሰለኝ" አለች። ገንዘቡም ቢሆን ከአራት ወር በኋላ ነው የመጣው። ሒሳብ ምን እንደሚያዋጣ ይነግርሃል። እጅ ምን እንደሚችል ግን አይነግርህም።

ሱቁን መልቀቅ

ሁለተኛው ስሕተቴ ሱቁ ነው። እትዬ ገና ኅዳር ላይ "ልልቀቀው?" ብላኝ ነበር። እኔ ተቆጣሁ። ፒያሳ ላይ ቦታ ለቅቀሽ መልሰሽ አታገኚም፣ ሰው የሚያውቅሽ በሱቅሽ ነው አልኳት። እውነት ይመስላል። ግን ደብተሩን እንደገና ስናየው ከመሶብ ገዢዎቿ አብዛኞቹ ወይ በሰው በሰው ሰምተው፣ ወይ በቴሌግራም አይተው ነው የሚመጡት። በበሩ ዝም ብሎ የሚገባው ሰው የሚገዛው ጆሮ ጌጥና ትንንሽ ሙዳይ ነው። 22ቱን ሰዓት የሚበላው እሱ ነው።

የካቲት 2017 ላይ ለቀቀች። የባህል ልብስ የምትሸጥ ጓደኛዋ ጋ ሦስት ናሙና አስቀመጠች፤ በተሸጠ ቁጥር 10 በመቶ ለጓደኛዋ። ክፍያው በቴሌብር። ዕቃዋን ጭና ቤቷ ገባች። ሰፈሩ "ከሰረች" አለ። አንዳንዱ ሊያጽናናት መጣ።

ቤት መግባቱ ግን ያልጠበቅነውን ነገር አመጣ። የእትዬ ግቢ አራት ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ሁለቱ ሙስሊም ሁለቱ ክርስቲያን። የወሎ ግቢ ነው እንግዲህ፤ ቡና አንድ ላይ ነው የሚፈላው። ሱቅ በነበረችበት ዘመን ከዚህ ቡና ቀርታ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ብርጭቆ በር ኋላ ተቀምጣ መስፋቷን እኔም እሷም እንደ ችግር ቆጥረነው አናውቅም። ሥራ ነዋ።

አሁን ረከቦቱ ሲቀርብ ስፌቷን ይዛ ትወጣለች። አቦል ላይ ትጀምራለች፤ በረካ ላይ ሦስት ዙር ሄዳለች። ሴቶቹ ያዩታል። "ኧረ እዚህ ጋ ቢጫ ብታስገቢ!" ይላሉ። አንዷ እናት፣ ግቢው ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ እሳቸውም ድሮ ይሰፉ ነበርና ሰፌድ ጀመሩ። ሲመርቁ "እጅሽ ይባረክ" ይላሉ፤ ሁሉም አሚን ይላል። ይህን በሰዓት ክፍያ የማስገባበት ዓምድ መዝገቤ ላይ የለም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። የካቲት 17 ሁዳዴ ገባ፤ በሳምንቱ ገደማ ረመዳን ተከተለ። ሰርግ የለም፤ ትእዛዝም የለም። የቀን ቡናውም ቀረና ማታ ከኢፍጣር በኋላ ሆነ። እትዬ በሌላ ዓመት ቢሆን ይኼ ወቅት ጨለማዋ ነው። በ2017 ግን ማታ ማታ ግቢው ውስጥ እየሰፋች፣ የሰው የሆኑትን ሦስቱን ጅምሮች በሙሉ ጨረሰቻቸው። ቀብድ የበላችባቸው ሰዎች ዘንድ ደወለች። አንደኛዋ ልጇን ድራ ጨርሳለች። "ለሁለተኛዋ ልጅ ትሆናለች" ብላ ወሰደቻት።

ያልታዘዘ ሥራ

እዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ሚያዝያ ላይ ሰዓቷ ተስተካክሏል፣ ሰውም አለ፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን አንድ ቀን "እየሰፋሁ እንቅልፌ ይመጣል" አለችኝ። የምትሰፋውን አየሁት። ካለፈው ጋር አንድ ነው። ከዚያ በፊት ካለውም ጋር አንድ ነው። ደንበኛ ስልኩ ላይ ፎቶ ያሳያታል፤ "እንደዚህ" ይላል። ብዙ ጊዜ ፎቶው የራሷ መሶብ ነው።

በዚያ ሰሞን ስለ አንድ የቆየ ጥናት አነበብኩ። በፈረንጆች 1973 የታተመ ነው፤ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ውስጥ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት የሠሩት። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኞቹ "ከሣላችሁ ሽልማት ትቀበላላችሁ" ብለው አስቀድመው ነገሯቸው። ሁለተኞቹ ምንም ሳይነገራቸው ሣሉ፤ ከዚያ ድንገት ያንኑ ሽልማት ሰጧቸው። ለሦስተኞቹ ምንም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ በነፃ ሰዓታቸው ምን እንደሚያደርጉ ተመለከቱ። አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች የሚሥሉበት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ይህን ለእትዬ ስነግራት "ሕፃን አደረግኸኝ?" አለች። እውነቷን ነው። እሷ የምትሰፋው ለሽልማት አይደለም፤ ለዳቦ ነው። ሕፃናቱ የቤት ኪራይ የለባቸውም። እኔን የያዘኝ ግን ያች ሁለተኛዋ ቡድን ናት። ሽልማቱ አይደለም ፍላጎቱን የቀነሰው፤ ቀድሞ ቃል መገባቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ተስማማን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማንም ያላዘዘውን ትሰፋለች። ፎቶ አትለጥፍም። ዋጋ አታስብም። ሲያልቅ ከፈለገች ትሸጠዋለች፤ ከማለቁ በፊት ግን ስለ ዋጋ ማውራት ክልክል ነው። እኔንም ጨምሮ።

ከቀሩት አራት ጅምሮች አንዱን መረጠች። ያን እግር ብቻ የሆነውን።

የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ምንም አልሰፋችም። ከአክስቴ ቤት ያን ጠማማ ሙዳይ አስመጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ ስታየው ዋለች። ሙዳዩ ላይ አንድ ሐረግ አለ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ከዚያ ሳይታሰብ አንድ አረንጓዴ። አረንጓዴው በ9 ዓመቷ ቀይ ስላለቀባት የገባ ነው። ያንን ስሕተት መሶቡ ላይ አውቃ ልትደግመው ወሰነች።

ሐምራዊው እንጀራ

ክረምቱ ግን ክፉ ነበር። ቀለሙ ሲወደድባት ረከስ ያለ ገዝታ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንዲት ደንበኛ መሶቧን ተሸክማ መጣች። ክዳኑን ከፈተችና ምንም ሳትናገር አሳየችን። እንጀራው ሐምራዊ ሆኗል። የጤፍ ነጭ እንጀራ፣ ዳር ዳሩ ሐምራዊ! እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ያለቦታው ነበር። እትዬ ገንዘቡን ሙሉውን መለሰች፤ መሶቡንም ተቀብላ ከዓይኗ አራቀችው።

ሦስት ሳምንት ወስፌ አልነካችም። ዝናቡ ደግሞ አያባራም፤ የነከረችው አለላ አልደርቅ ብሎ ሻገተ። ወደ ቲክቶኮቹ ትመለስ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ደወልኩላት፤ አታነሣም። ስሄድ ተኝታለች ይሉኛል። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ እኔም ብዙ መምከር አቁሜ ነበር፤ ጥሩ አደረግኩ።

ያስነሣት የእማማ የልጅ ልጅ ናት፤ 12 ዓመቷ ነው። ከሴት አያቷ እያየች ሰፌድ ጀምራ ጠሞባት፤ ይዛ መጣች። "እትዬ፣ እዚህ ጋ እንዴት ነው የማዞረው?" አለች። እትዬ ከአልጋዋ ሳትነሣ ሰፌዱን ተቀበለች። ወስፌውን ከልጅቷ እጅ ወሰደች። አለላው ደርቆባታልና በከንፈሯ አራሰችው፤ ወጋች፣ አሳለፈች፣ ሳበች። ያ ክርር የሚለው ድምፅ ተሰማ። አንድ ዙር ጨርሳ ነው ተኝታ እንደነበር ትዝ ያላት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ሁለት ጓደኞቿን ጨምራለች።

ቀለሙንም ፈታችው። አሁን ከነከረች በኋላ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግማ ታለቀልቃለች። ሲደርቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ታሸዋለች። ጨርቁ ከቀላ ያ እስር ወደ ግድግዳ ጌጥ ይሄዳል እንጂ እንጀራ አይነካም።

መስከረም 2018 ላይ መዝገቡን ዘጋሁ። በቀደመው ዓመት 19 መሶብ ሸጣ ነበር፤ በዚህኛው 13። ከመሶብ የገባው ገንዘብ ግን እኩል ነው ማለት ይቻላል። 6 መሶብ ቀንሶ ገንዘቡ ይህን ያህል አልጎደለም። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሱቁን በመልቀቋ ከየካቲት ወዲህ የተረፈው ኪራይ ደግሞ 48,000 ብር ነው። የስፌት ሰዓቷ በሳምንት 30 ደርሷል፤ አብዛኛው በቀን ብርሃን። ከሰባቱ ጅምሮች አምስቱ አልቀዋል። አንዱ አልተሳካም፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ተኝታበት ዕንቁላል ትጥልበታለች፤ ዶሮዋ ስለ ጥራቱ ቅሬታ የላትም። አንዱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል እያልኩ አይደለም። ባለፈው ሳምንት እንኳ "ዛሬ እጄ እምቢ ብሏል" ብላ ጽፋልኝ ነበር። ልዩነቱ አሁን "ዛሬ" የምትል ቃል መግባቷ ነው።

ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ሴት በጓደኛዋ ሱቅ በኩል ተጠቁማ ግቢ ድረስ መጣች። ቡና ላይ ነበርን። ሴትዮዋ ዓይኗ ጥግ ላይ በነጠላ የተሸፈነው መሶብ ላይ ወደቀ። ገለጥ አድርጋ አየችው። ያ የዓርቡ መሶብ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ በየሐረጉ መካከል ሳይታሰብ አንድ አረንጓዴ።

"ይኼ ስንት ነው?"

እትዬ ሲኒ እያቀበለች ነበር። ቀና አላለችም። "ገና አላለቀችም" አለች።

እኔ ከሴትዮዋ አጠገብ ነበርኩ። የክዳኑ የመጨረሻ ዙር ታስሯል፤ ጫፉም በምላጭ ተቆርጧል። ነጠላውን መልሼ ሸፈንኩት።